ዋላን ከስሪያው ወራት አስቀድሞ በማባበያ መኖ ስለ ማደን፤ ሕጉ፣ ጥበቡና በከብት ርቢ ላይ ያመጣው ጣጣ

አራዊትን በምግብ አባብሎ ወደ አዳኝ ፊት ማምጣት ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በጫካ ውስጥ የሚያፈሰው የበቆሎ ክምር የራሱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ጎረቤቱ በረት ይገባል፣ የአውራጃውን የከብት ንግድ ያውካል፣ በመጨረሻም በምክር ቤትና በአገረ ገዢ መካከል የክርክር ምክንያት እስከ መሆን ይደርሳል። ይህ ለምሳሌ ያህል የተነገረ አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በእርግጥ የሆነ ነው። የአደን ወሬ ለእርሻ መጽሔት ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ስለሚገኝ፣ እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት እንዲያነብልን እንለምናለን። አሜሪካን የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ቀንና ወሩ ግን ለአንባቢ እንዲቀል ወደ እኛ አቆጣጠር ተመልሷል።

አስቀድሞ የእንስሳውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በመዝሙረ ዳዊት ዋላ ተብሎ የተጠራው እንስሳ በአገራችን የለም፤ የእኛ አጋዘን፣ የደጋውም ሆነ የቆላው፣ በመልክ ቢመስለውም በወገን ሌላ ነው። የአጋዘን ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ዕድሜ ልኩን ከራሱ ጋር ይኖራል፤ የዋላ ቀንድ ግን በየዓመቱ በበረዶው ወራት ይወድቅና በጸደይ እንደ ገና ይበቅላል። በአፍሪካ ምድር የዋላ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጠረፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ አካባቢ ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ስለ አሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት ዋላ ነው፤ ይህም ስም የወጣለት ሲደነግጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ነጭ ጠጉር እያሳየ ስለሚሸሽ ነው።

የዋላ ስሪያ የሚነሣው በብርድ ወይም በምግብ ብዛት ሳይሆን በቀኑ ማጠር ነው። በሚሺጋን የስሪያው ብርታት በኅዳር ወር መጀመሪያ ሳምንት ላይ ይውላል፤ እንስቲቱም 200 ቀን ያህል አርግዛ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ትወልዳለች። ወንዶቹ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ በሰላም በአንድነት ይሰማራሉ፤ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ቀንዳቸውን የሸፈነውን ለስላሳ ቆዳ በዛፍ ላይ እያሹ ይገፉታል፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበራቸው ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ሥራቸው መብላት ነው። ስሪያው ከተነሣ በኋላ ወንዱ እንስቲቱን እየተከተለ ምግቡን ስለሚተው ከክብደቱ እስከ አንድ አራተኛ ድረስ ሊያጣ ይችላል፤ ያንን የሚችልበትን ስብ የሚያከማቸው ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ማባበያ መኖ ከስሪያው በፊት የሚሠራበት፣ ስሪያው ሲደርስ ደግሞ ኃይሉን የሚያጣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሆዱን የሚሞላ ወንድ ወደ በቆሎው ይመጣል፣ የስሪያ እሳት የያዘው ግን በቆሎውን ረግጦ ያልፋል።

በሚሺጋን የቀስት አደን በመስከረም 21 ቀን ገደማ ሲከፈት የጠመንጃው አደን የሚከፈተው በኅዳር 6 ቀን ነው። እንግዲህ ከስሪያው በፊት የሚያድን ሰው በአብዛኛው ቀስተኛ ነው፤ ቀስተኛም ከ20 ወይም ከ25 ሜትር ርቆ ሲወረውር እንስሳውን አቍስሎ የመስደዱ ነገር ያሰጋል። ስለዚህ የማባበያው ዋና ጥቅም ብዙ ለመግደል ሳይሆን፣ ዋላው በቅርብ ቆሞ ጎኑን እንዲሰጥ፣ አዳኙም ዕድሜውንና ጾታውን አይቶ እንዲመርጥ ጊዜ ማስገኘቱ ነው። የዋላ ብዛት ሰብልን በሚያጠፋበት አገር ቍጥሩ የሚቀነሰው እንስቶቹ ሲታደኑ ስለ ሆነ፣ ይህ አይቶ የመምረጥ ነገር ለገበሬውም ይጠቅማል።

ቦታ መምረጥ ከመኖው ዓይነት ይበልጣል። ዋላ ቀኑን በጥሻ ውስጥ ተኝቶ እያመሰኳ ይውልና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ መሰማሪያ ይወጣል፤ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። መኖው በሜዳ መካከል ከተደረገ እንስቶችና ግልገሎች ቢመጡም ሸምገል ያለው ወንድ ሳይጨልም አይደርስበትም። ልምድ ያላቸው አዳኞች ከመኝታው ጥሻ ወደ ማታው መሰማሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሽፋን ብዙ ሳይርቁ ያኖሩታል። ወደ ጥሻው እጅግ ቢጠጉ ደግሞ እንስሳውን ከመኝታው ያስነሡታል፤ አንድ ጊዜ ከመኝታው የተባረረ ወንድ በዚያ ሰሞን ተመልሶ በቀን አይታይም። አዳኙ የሚገባበትና የሚወጣበትም መንገድ የዋላውን መንገድ የማያቋርጥ ሊሆን ይገባል፤ ብዙዎች ማድፈጫቸውን በሚገባ አዘጋጅተው ሲወጡ በጨለማ በሚበሉት ዋላዎች መካከል አቋርጠው ስለሚሄዱ የሳምንት ድካማቸውን በአንድ ሌሊት ያፈርሱታል።

ከሁሉ የሚከብደው የነፋስ ነገር ነው። ዋላ ከዐይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል። ነፋሱ ከመኖው ወደ አዳኙ መንፈስ እንዳለበት ጀማሪውም ያውቃል፤ ነገር ግን ሸምጋዩ ወንድ በቀጥታ ወደ መኖው አይመጣም፤ አስቀድሞ ነፋስ በሚወርድበት በኩል ዞሮ ቆሞ ያሸታል። ያ የሚቆምበት ስፍራ ብዙ ጊዜ አዳኙ ከተቀመጠበት በስተኋላ ይሆንና፣ አዳኙ ሳያየው መጥቶ ሳያየው ይሄዳል። ስለዚህ ከኋላው ወንዝ፣ ረግረግ ወይም ገደል ያለበትን፣ ዋላው ሊዞርበት የማይችለውን ቦታ መምረጥ ብልኅነት ነው። ነፋሱ በተለወጠ ቀን አለመውጣት ይሻላል፤ ይህን ለጓጓ አዳኝ ማስረዳት ግን እጅግ ከባድ ነው።

መኖው የሚታደሰው ዋላው ተኝቶ በሚያመሰኳበት በቀትር ሰዓት ነው፤ በየጊዜው በአንድ ሰዓት ከሆነ እንስሳው ይለምደዋል። ጥቂት በጥቂት መበተን ብዙ ከመከመር ይበልጣል። ክምር ያገኘ ዋላ በሌሊት በልቶ ጠግቦ በቀን ስለማይመጣ፣ አዳኙ ባዶ ጫካ ሲጠብቅ ይውላል። ከተበተነ ግን እየለቀመ ይቆያል፣ እየተዟዟረም ጎኑን ይሰጣል። በአንድ ማድፈጫ ላይ ዕለት ዕለት መቀመጥም ጥቅም የለውም፤ ዋላው የሰው ሽታ የማይለየውን መኖ በሌሊት ብቻ የሚበሉት አድርጎ ይይዘዋል።

ስለ መኖው ዓይነት ብዙ መናገር አያስፈልግም። በሚሺጋን የተለመደው የተፈለፈለ በቆሎ፣ ካሮት፣ ፖምና ስኳር የሚወጣበት ሥር ነው። ጨው በጸደይ እንጂ በመስከረምና በጥቅምት ብዙ አይስብም። የባሉጥ ዛፍ ፍሬውን ማርገፍ በጀመረ ጊዜ ዋላው የሰውን በቆሎ ትቶ ወደዚያ ስለሚሄድ፣ በዚያ ሰሞን መኖ የሚያፈስ ሰው ገንዘቡን ያፈሳል። ልንጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነው፤ ዋላ እንደ ላምና እንደ በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ቅጠልና ቅርንጫፍ የለመደ ጨጓራ በድንገት ብዙ በቆሎ ሲገባበት ይኮመጥጣል፣ በጨጓራው የሚኖሩት ምግብ አፍላቂ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ እንስሳውም ሆዱ በምግብ ተሞልቶ ሳለ ሊሞት ይችላል። እህል ጎተራ ሰብራ የገባች ላም ምን እንደምትሆን ያየ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ መርዝ ነው፤ ለከብት የማይሆነውን ወደ ጫካ መጣል ለአራዊቱም ለወፎቹም ጥፋት ነው።

ይህን ሁሉ ጠንቅቆ የያዘ አዳኝ በእርግጥ ከሌላው የበለጠ ያገኛልን? በደቡብ ካሮላይና ግዛት እስከ 2013 ድረስ ሕጉ ግዛቱን በሁለት ከፍሎት ነበር፤ በባሕሩ ጠረፍ በኩል ባለው ሜዳ ማባበያ ተፈቅዶ፣ በላይኛው አገር ተከልክሎ ይኖር ነበር። የግዛቱ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ሁለቱን ቢያስተያይ፣ ማባበያ በተከለከለበት ክፍል በእኩል የመሬት ስፋት ላይ የሚታደነው ዋላ የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱን ዋላ ለማግኘት የሚወስደውም ጊዜ የረዘመ አልነበረም። ዋናው ምክንያት ከላይ የተናገርነው ነው፤ በየስፍራው መኖ የሚያገኝ ዋላ ሩቅ አይሄድም፣ በቀንም አይንቀሳቀስም። እኛ ከዚህ የምንረዳው ማባበያ አንድን አዳኝ በአንድ ቀን ሊጠቅም እንደሚችል፣ አውራጃው ሁሉ ሲያደርገው ግን ጥቅሙ እርስ በርሱ እንደሚጠፋፋ ነው።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በአሜሪካ የዋላ አደን ሕግ የየግዛቱ ነው እንጂ ለመላው አገር አንድ አይደለም። ኒው ዮርክ ዋላን በማባበያ ማደንን ይከለክላል፤ ቴክሳስ በግል መሬት ላይ ይፈቅዳል፤ ዊስኮንሲን እንደ አውራጃው ጤና ለይቶ፣ በተፈቀደበት ስፍራ በ16 ሄክታር፣ ማለት ከግማሽ ጋሻ በሚያንስ መሬት ላይ፣ 2 ጋሎን ብቻ እንዲደረግ ወስኗል። የሚሺጋን ሕግ ማባበያ የሚለውን ቃል በሰፊው ይተረጕመዋል፤ እህል፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ድርቆሽ፣ ጨውና ሌላ ማዕድን ሁሉ ዋላን ለመሳብ ከተቀመጠ ማባበያ ነው። በእርሻ ላይ የቆመ ሰብል፣ በአጨዳ ጊዜ እንደ ልማዱ የወደቀ እህል፣ ከዛፉ ሥር የረገፈ ፍሬና ለአራዊት ተብሎ በጫካ መካከል የተዘራ ማሳ ግን ማባበያ አይባልም። ልዩነቱ ከንቱ አይደለም። በማሳ ላይ ዋላው ተበትኖ ከበቀለው ይግጣል፤ በክምር ላይ ግን አፍ ለአፍ ይገናኛል።

በላይኛው የሚሺጋን ባሕረ ገብ ምድር ማባበያ ሲፈቀድ የተደነገገው መጠን ይህ ነው፤ ከመስከረም 5 ቀን እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን ድረስ ብቻ፣ በአንድ የአደን ስፍራ ከ2 ጋሎን የማይበልጥ፣ ያውም ቢያንስ 10 ጫማ በ10 ጫማ፣ ማለት ወደ 3 ሜትር በ3 ሜትር በሚሆን መሬት ላይ የተበተነ። ሁለት ጋሎን ሰባት ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ የደረቀ በቆሎ ሲሆን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል። ሕግን ለሚያስፈጽም ሰው ይህ አጻጻፍ የተመሰገነ ነው። «በመጠኑ» ወይም «ጥቂት» የሚል ሕግ ሹሙንና ባለ ጉዳዩን ሲያከራክር ይኖራል፤ ይህን ግን ማንኛውም የጥበቃ ሠራተኛ አንድ ባልዲና አንድ የመለኪያ ገመድ ይዞ ሊመረምረው ይችላል። አዳኙም ቢሆን ጥበቡ ከሚጠይቀው በታች አልተሰጠውም፤ ከስሪያው በፊት ለሚያድን ቀስተኛ ሁለት ጋሎን የተበተነ በቆሎ ይበቃዋል። በመንግሥት ደን ውስጥ መኖ ማፍሰስም ቦታውን የግል ርስት አያደርግም፤ ይህን ካለማወቅ የተነሣ በአዳኞች መካከል ጠብ ይደርሳል።

አሁን ነገሩ ወደሚከብድበት እንደርሳለን። በታችኛው ባሕረ ገብ ምድር በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን አልፒና፣ አልኮና፣ ሞንትሞረንሲና ኦስኮዳ የሚባሉ አራት አውራጃዎች አሉ። መሬቱ ለእህል የማይመች አሸዋ ስለ ሆነ፣ ሀብታሞች ሰፋፊ የደን ርስት እየገዙ የአደን ማኅበር አቁመውበታል። መሬቱ በራሱ ሊመግበው ከሚችለው በላይ ዋላ እንዲኖራቸው ስለ ፈለጉ፣ በበረዶው ወራት እንዳይራብባቸው ካሮትና ስኳር የሚወጣበትን ሥር በጭነት መኪና እያመጡ ይደፉለት ነበር፤ ይህ ሲለመድ ትንሹም አዳኝ ከመስከረም ጀምሮ እንዲሁ ያደርግ ጀመር።

በ1975 በአልኮና አውራጃ በአንዲት የታደነች ዋላ ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ ከከብት ሳይተላለፍለት በዱር ዋላ መካከል ጸንቶ ይኖራል ብሎ የሚያምን ሊቅ ስላልነበረ፣ ነገሩ እንደ አጋጣሚ ተቆጠረ። በ1994 በአልፒና አውራጃ ሁለተኛው ተገኘ። በሚከተለው ዓመት የታደኑት ዋላዎች ሲመረመሩ በበሽታው መካከለኛ ቦታ ከመቶው ወደ 5 የሚጠጉት ታመው ተገኙ። በ1998 ደግሞ በአካባቢው ባለ የከብት መንጋ ላይ ታየ። ሚሺጋን ከብቱ ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ ነው የሚለውን ምስክርነት በብዙ ዓመት ድካምና ወጪ በ1979 አግኝታ ነበር፤ በ2000 ምስክርነቱ ተነሣባት። ትርጉሙም ይህ ነው፤ ገበሬው ጥጃውን ወደ ሌላ ግዛት ለመሸጥ ሲፈልግ ምርመራና ወረቀት ይጠየቃል፣ የታመመ የተገኘበት መንጋውን ያሳርዳል፣ ጤነኛ መንጋ ያለውም ከአውራጃው ስም የተነሣ ዋጋው ይወድቅበታል። ከ1998 ወዲህ በበሽታው የተያዙት የከብት መንጋዎች ከ70 ይበልጣሉ።

በሽታው ከጫካው ወደ በረቱ የተሻገረበት መንገድ ተመርምሮ ታውቋል። የታመመ ዋላ ፖም ወይም ካሮት ነክሶ ሲተው ምራቁና ንፍጡ በላዩ ይቀራል፤ ብርድ ሕዋሱን ስለሚጠብቀው፣ በሚሺጋን ቅዝቃዜ ለብዙ ቀን ሕያው ሆኖ ይቆያል። ቀጥሎ የመጣው ዋላ ይበላዋል። ክምሩ ጋ የለመደው ዋላ ደግሞ በረዶው ሲጸና ወደ ገበሬው ድርቆሽና ወደ ከብቱ ገበታ ይወርዳል። ዋላዎቹ በበሉበት መኖ ላይ ጥጆች ሲለቀቁ፣ ዋላውን በዐይናቸው ሳያዩት እንኳ በሽታው እንደሚይዛቸው የእንስሳት ሐኪሞች በሙከራ አረጋግጠዋል። እንግዲህ ጥፋቱ በቆሎው ወይም ካሮቱ ሳይሆን፣ በዱር ተበትነው ሊኖሩ የተፈጠሩትን አፍንጫዎች በአንድ ስፍራ መሰብሰቡ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በበሽታው አካባቢ መኖ መስጠትና በማባበያ ማደን ተከለከለ፤ ዋላውም ቍጥሩ እንዲቀነስ በብዛት እንዲታደን ተፈቀደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመካከለኛው ቦታ የታመመው ከመቶ 5 ወደ 2 ገደማ ወረደ። ከዚያ በታች ግን ለመውረድ እምቢ አለ። ሕጉን ተላልፎ በድብቅ የሚያፈስ ሰው አልጠፋም፤ በሽታውም አንድ ጊዜ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። እዚህ ላይ የዳር አገር ሹማምንት ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ፤ በ1975 አንዲት እንስሳ በታመመች ጊዜ ጥቂት መቶ ዋላ ቢመረመር ኖሮ ወጪው ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው ገንዘብ ግን ሃያ ዓመት የቆየ ቸልታ ዋጋ ነው።

ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ካሮትና ሥር የሚያመርተው ገበሬ፣ ለሰው ገበያ የማይሆነውን ምርቱን ለአዳኞች ይሸጥ ነበርና ክልከላው ገቢውን ነካበት። የላም ባለቤቱ ደግሞ ክልከላውን ይሻ ነበር። ሁለቱም ገበሬዎች ናቸው። ዕድሜ የተጫናቸው አዳኞች ጫካ ለጫካ መዞር ስለማይችሉ መኖ አፍስሰው መቀመጥ ግድ እንደ ሆነባቸው ያመለክቱ ነበር፤ ስለዚህ አካለ ጕዳተኞች በተለዩ የአደን ቀኖች እንዲጠቀሙበት ተፈቀደላቸው፤ ይህ ፍርድ ርኅራኄ ያለበት ነው። በ2008 በግቢ ተዘግቶ በሚረባ አንድ ዋላ ላይ ሌላ በሽታ ስለ ተገኘ ታችኛው ባሕረ ገብ ምድር በሙሉ ተከለከለ፤ በ2011 ክልከላው ከብዙው ስፍራ ተነሣ፤ በ2019 መጀመሪያ እንደ ገና ታወጀ። በዚያው ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ክልከላውን የሚያነሣ ሕግ አጽድቆ ቢልክ፣ አገረ ገዢዋ ግሬቸን ዊትመር በሽታን ያሰፋል ብለው ሳይፈርሙበት መለሱት። ወዲያና ወዲህ የሚል ሕግ ከጠንካራም ከልልም ሕግ የከፋ ነው፤ አዳኙ በዚህ ዓመት የተፈቀደውን በሚመጣው ዓመት ወንጀል ነው ሲሉት ሕጉን መናቅ ይጀምራል።

ከላይ ያነሣነው ሌላው በሽታ ዋላን የሚያመነምን የአንጎል በሽታ ነው። በመጀመሪያ የታየው በ1967 በኮሎራዶ ግዛት በፎርት ኮሊንስ በግቢ በሚኖሩ ዋላዎች ላይ ሲሆን፣ በ2002 በዊስኮንሲን፣ በ2015 በሚሺጋን በዱር ዋላ ላይ ተገኝቷል። መንሥኤው ተባይ ወይም ሕዋስ ሳይሆን ፕራዮን የሚባል ጠባዩ የተጣመመ ፕሮቲን ነው። የያዘው ዋላ ይመነምናል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ይንገዳገዳል፣ ሳይድንም ይሞታል፤ ክትባትም መድኃኒትም የለውም። ከምራቁ፣ ከሽንቱና ከፋንድያው የወጣው ፕራዮን በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በዚህ በሽታ ላይ መጠንና መበተን አያድንም፤ ዘንድሮ መኖ የፈሰሰበት አፈር ከዓመታት በኋላም ሊያስይዝ ይችላል። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት የታመመ ዋላ ሥጋ እንዳይበላ ይመክራል። የእኛም አሳብ በዚሁ የጸና ነው፤ ሁለቱ በሽታዎች በሌሉበት ሁለት ጋሎን ይፈቀድ፣ አንዱ በተገኘበት አውራጃ ግን አንድ ፍሬ በቆሎ አይፍሰስ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በአንድ ወገን ብቻ ይነካናል። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቍጥር 541/1999 የተከለከለ ስለ ሆነ የማባበያው ጥበብ በቀጥታ የሚጠቅመው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በሽታ ከዱር እንስሳ ወደ ከብት፣ ከከብትም ወደ ዱር እንስሳ እንደሚሻገር አባቶቻችን በመራራ መንገድ አይተውታል፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ በመጣ ከብት የገባው ደስታ የተባለው በሽታ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀን ያመጣ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጎሹንም አብሮ ፈጅቶታል። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታውጇል፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ግን በመካከላችን አለ። በአገራችን የተደረጉት ምርመራዎች ያሳዩት ነገር ከሚሺጋኑ ጋር ይስማማል፤ በሜዳ ተበትኖ በሚሰማራው ያገሬ ከብት ላይ በሽታው ጥቂት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በአንድ ጋጣ ተጨናንቀው በሚቀለቡት የውጭ ዘር የወተት ላሞች ላይ ግን ይበዛል። ላሚቱን የሚያሳምማት ጥሩው መኖ አይደለም፤ የጎረቤቷ ትንፋሽና አንዱ ገበታ ነው።

በባሌና በአርሲ ደጋ ደግሞ የዓለም ሌላ ስፍራ የማያውቀው የደጋ አጋዘን ከከብት ጋር በአንድ መስክ ይግጣል፤ ከብቱ በየጊዜው ወደ ሆራ እየተነዳ ጨዋማውን ውኃ ሲጠጣ፣ አጋዘኑም ወደዚያው ማዕድን ይወርዳል። ሆራ በሰው እጅ የፈሰሰ ማባበያ ባይሆንም አፍንጫዎችን በአንድ ስፍራ ይሰበስባል። ይህን መከልከል የማይቻል፣ የማይገባም ነው፤ የከብቱ ጤና በእርሱ ነውና። የሚቻለው ግን የታመመ፣ የሚያስለውና የሚከሳ ከብት ከመንጋው ተለይቶ እንዲቆይና ወደ ሆራው እንዳይነዳ ማድረግ ነው። ለቤት ጨው ሲሰጥም አሞሌው በአንድ ገንዳ ለመንጋው ሁሉ ከሚቀመጥ ይልቅ በየስፍራው ተከፋፍሎ ቢቀመጥ ይሻላል።

በፈቃድ የታደነ አጋዘን ወይም ለምግብ የታረደ ከብት ሲበለት ሳንባው፣ የጎድኑ ውስጠኛ ሽፋንና የጉሮሮው ዕጢዎች ይታዩ። አተር የሚያህል ወይም ከዚያ የሚተልቅ፣ ሲቈረጥ ቢጫ አይብ የሚመስል እብጠት ቢገኝ ሥጋው ለሰውም ለውሻም አይሰጥ፤ እብጠቱ ያለበት ክፍል ለብቻው በንጹሕ ዕቃ ተይዞ፣ እንስሳው የተገኘበት ቀበሌና ቀን ተጽፎ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይላክ። ቢላዋውና የበላቹ እጅ ሌላ ነገር ሳይነካ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ።